«ጎበዝ ነው፤ ይበርታ» ስለሚለው ቃል

በሀገራችን አዲስ መጽሐፍ ሲወጣ ደጉንና ጉድለቱን መርምሮ የሚተች ሰው አልፎ አልፎም ቢሆን ይገኛል። እኔ ዛሬ ልተቸው ያሰብሁት ጽሑፍ ግን በገበያ የማይሸጥ፣ ማንም ደራሲ ስሙን ያላስጠራበት፣ ሆኖም ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ወደ ብዙ ቤት የሚገባ ነው። ይኸውም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርና የተማሪው ወላጅ የሚጻጻፉበት የመገናኛ ደብተር፣ ከእርሱም ጋር በመንፈቀ ዓመቱና በዓመቱ መጨረሻ ወደ ቤት የሚላከው ካርድ ነው። ይህን ጽሑፍ ለመተቸት መብት ያለኝ ይመስለኛል፤ ከ1972 እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ አርባ ዓመት ሳስተምር ከጸሐፊዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁና።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ «ይህ ነገር የመምህራንና የወላጆች ነው እንጂ እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት እለምናችኋለሁ። በብዙ ቤት ደብተሩን ለእናትና ለአባት የሚያነበው፣ አንዳንድ ጊዜም በወላጅ ፈንታ የሚፈርመው፣ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ነው። ነገ ደግሞ ወላጅ ወይም መምህር መሆናችሁ አይቀርም። ስለዚህ ነገሩ የእናንተ ነው።

እስቲ ደብተሩን ገልጠን እንመልከት። በመጀመሪያዎቹ ገጾች የትምህርት ቤቱ ደንብ ይገኛል፤ ስለ ደንብ ልብስ፣ ስለ ጠጕር አቆራረጥ፣ ስለ ማርፈድ፣ ስለ ክፍያ ቀን ይናገራል። ከዚያ ቀጥሎ ለየቀኑ መስመር ተሰምሮ፣ በአንዱ ወገን «የመምህር አስተያየት»፣ በሁለተኛው ወገን «የወላጅ አስተያየትና ፊርማ» ይላል። በዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ ስለ ልጁ ንባብ የተጻፈውን ብንፈልግ ከሦስትና ከአራት ቃል አያልፍም፤ «ጎበዝ ነው፤ ይበርታ»፣ «ንባብ ይለማመድ»፣ «ክትትል ያስፈልጋታል»፣ «ጥሩ ለውጥ አለው»። ወላጁም በበኩሉ «እሺ፣ እናመሰግናለን» ብሎ ይፈርማል፤ ወይም አንድ ቃል ሳይጨምር ይፈርማል። ዓመቱም እንዲሁ ያልፋል። ዛሬ በከተማ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደብተሩን ትተው በቴሌግራም ይልካሉ። ይሁን እንጂ ወረቀቱ ተለወጠ እንጂ ቃሉ አልተለወጠም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ በ«ጎበዝ» ፈንታ የሚያጨበጭብ እጅ ሥዕል ብቻ ይመጣል።

እነዚህ ቃላት ስድብ የለባቸውም፤ ሐሰት ናቸው ለማለትም ያስቸግራል። ጉድለታቸው ምንም ነገር አለመናገራቸው ነው። «ይበርታ» የሚለው ቃል በምን እንደሚበረታ አይናገርም፤ «ክትትል» የሚለውም ማን፣ ምኑን፣ እንዴት አድርጎ እንደሚከታተል አያስታውቅም። ልጁ ፊደሉን አልለየም ማለት ነው? ወይስ ፊደሉን ለይቶ ቃሉን መግጠም አቃተው? ወይስ ቃሉን እየጠራ ትርጉሙ አልገባውም? እነዚህ ሦስት ልዩ ልዩ ችግሮች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ልዩ ልዩ ነው። ሐኪም በሽተኛውን መርምሮ በወረቀቱ ላይ «ይበርታ» ብሎ ጽፎ ቢሰድደው የሚያመሰግነው ማን ነው? እኛ ግን ለመምህሩ እንዲህ ያለውን ወረቀት እያመሰገንን እንፈርምለታለን።

የንባብ ነገር በአንድ ቃል ሊነገር የማይችለው ለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ስለ ፊደላችን ጥቂት ልናገር። የአማርኛ ፊደል 33 ቤት አለው፤ እያንዳንዱም ቤት ሰባት ሰባት መልክ ስላለው ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ይህም ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ ነው። ልጅ ይህን ሁሉ በዜማ በቃሉ ሊይዘው ይችላል። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» እያለ ገበታውን ከላይ እስከ ታች ሲወጣው የሚሰማ ወላጅ «ልጄ ማንበብ ቻለ» ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ከመካከል «ቄ»ን ለብቻዋ ጽፋችሁ ብታሳዩት፣ ከ«ቀ» ጀምሮ እየቆጠረ እስኪደርስባት ድረስ ስሟን ሊነግራችሁ የማይችል ልጅ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ የሚያውቀው ዜማውን ነው እንጂ ፊደሏን አይደለም።

የቀድሞዎቹ የኔታዎች ይህን ነገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከፊደል ገበታው ቀጥሎ አቡጊዳ የሚባለውን የሚያስቆጥሩት ለዚህ ይመስለኛል። «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» ሲባል ቤቱም መልኩም በየእርምጃው ስለሚለዋወጥ ልጁ በለመደው ዜማ ሊያመልጥ አይችልም። ከዚያም በኋላ የዮሐንስን መልእክት በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ያስኬዱታል፤ በመጀመሪያ ፊደል በፊደል እየነጠለ፣ በመጨረሻም አቀላጥፎ ያነባል ማለት ነው። ስለዚህ አባት «ልጄ የት ደረሰ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የኔታ «ውርድ ጀምሯል» ብለው ቁርጡን ሊመልሱለት ይችሉ ነበር። ይህ አጭር መልስ ዛሬ በካርዳችን ላይ «አማርኛ» ከሚለው ፊት ለፊት ከሚጻፈው 78 ከ100 ይልቅ ብዙ ነገር ይናገራል። የቀድሞው ትምህርት ግን ጉድለት አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። ልጁ የሚያነበው ግዕዝ ስለ ነበረ፣ ድምፁን አሳምሮ እያነበበ ትርጉሙን ሳያውቅ ብዙ ዘመን ይቆይ ነበር።

በአማርኛ ግን ትርጉሙን ሳያውቁ በደንብ ማንበብ ከቶ አይቻልም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ለይቶ አይጽፍምና። «ገና አልመጣም» ስንል «ገና» ላልቶ ይነበባል፤ «የገና በዓል» ስንል ጠብቆ ይነበባል፤ አጻጻፉ ግን አንድ ነው። «አለ» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ «እሺ አለ» ሲሆን ይላላል፣ «ቤት ውስጥ አለ» ሲሆን ይጠብቃል። እንግዲህ ልጁ ዓረፍተ ነገሩ ካልገባው ቃሉን እንኳ በትክክል ሊጠራው አይችልም። አሁን ይህን ሁሉ ደረጃ «ጎበዝ ነው፤ ይበርታ» በሚለው ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ይህን የምለው ሌሎችን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚነቀፈው የራሴ ጽሑፍ ነው።

በ1994 ዓ.ም. በአንድ ከተማ አንደኛ ክፍል ሳስተምር በክፍሌ ከ60 የሚበልጡ ልጆች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ ትሑትና ፈጣን፣ ድምፁም የሚያምር ልጅ ነበር፤ እናቱ በጉልት ሽንኩርትና ቃሪያ እየሸጠች ታሳድገው ነበር። ምንባቡን እኔ ሳነብ አንድ ጊዜ ከሰማ በቃሉ ይይዘዋል። ተራው ደርሶ ሲነሣም መጽሐፉን በፊቱ ገልጦ አንድ ቃል ሳይጥል ይወጣዋል። ይሁን እንጂ ዓይኑ ከገጹ ላይ ሳይሆን ከእኔ ፊት ላይ እንደ ነበረ አይቻለሁ። አይቼም ዝም አልሁ። ከ60 ልጆች መካከል የሚያስቸግሩኝ ብዙዎች ስለ ነበሩ የማያስቸግረኝን አንዱን ለመመርመር አልፈለግሁም። በዚያን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ልጅ ሳይወድቅ እንዲያልፍ ይደረግ ስለ ነበር፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚያጋልጠኝ ፈተና አልነበረም። በሁለተኛ ክፍልም ያስተማርሁት እኔው ነበርሁ። በሁለቱ ዓመት ውስጥ በካርዱ ላይ አራት ጊዜ «ጎበዝ ነው፤ ይበርታ» ብዬ ጻፍሁ።

ልጁ አራተኛ ክፍል ሲደርስ አንዲት መምህርት ከዚያ በፊት ያልሰማውን ምንባብ አውጥታ ብትሰጠው አንድ መስመር ማንበብ አቃተው። እናቱም ተጠርታ መጣች። ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ ከመሄዷ በፊት ወደ እኔ ክፍል ገባች። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘቻቸውን ካርዶች ፈትታ በጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቻቸው። እርሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ የጻፍሁትን ሁሉ የጎረቤት ልጅ እያስነበበች ነበር የምትሰማው። እንዲህም አለችኝ፤

«መምህር፣ እኔ ማንበብ አልችልም። ልጄ አለማንበቡን ያላወቅሁት ስለዚህ ነው። እርስዎስ?»

ስለ ተማሪው ብዛት ልነግራት አፌን ከፈትሁና አፍሬ መልሼ ዘጋሁት። እርሷም አልጮኸችብኝም፤ ካርዶቿን አንድ በአንድ ሰብስባ ቋጠረችና «በሉ ከዛሬ ጀምሮ ያለውን ይንገሩኝ» ብላኝ ወጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁ ከትምህርት በኋላ ወደ እኔ እየመጣ በዓመቱ መጨረሻ ቀስ እያለ ማንበብ ጀመረ። ነገር ግን ሦስት ዓመት አልፎበት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ጓደኞቹ ከመጽሐፍ ያገኙትን የአካባቢ ሳይንስ፣ የሒሳብ ጥያቄና ታሪክ ሁሉ እርሱ በጆሮው የያዘውን ያህል ብቻ ነበር የሚያውቀው። እርሱን ልመልስለት አልቻልሁም።

ይህ በእኔ ክፍል ብቻ የደረሰ ነገር ቢሆን ኖሮ ኀፍረቴን ለብቻዬ ይዤው በኖርሁ ነበር። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በስድስት ቋንቋ የልጆች ንባብ በተመረመረ ጊዜ፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከመቶው 34 ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከእነዚያ ልጆች ወላጆች መካከል «ልጅዎ ገና ማንበብ አልጀመረም» የሚል ቃል በካርዱ ላይ ተጽፎ ያገኘ ስንት ይሆን? እኔ የጻፍሁትን ስለማውቅ መልሱን እፈራዋለሁ።

እንግዲህ ጥፋቱ የመምህሩ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ፍርዱ የተሟላ አይደለም። በደብተሩ ላይ ሁለት ጸሐፊዎች አሉና የሁለተኛውን ጽሑፍ ደግሞ እንመርምር።

የወላጅ የመጀመሪያ ጥፋቱ የደረጃ ፍቅር ነው። ካርዱን ሲቀበል ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው «ደረጃ» ከሚለው ላይ ነው። «ለምን ዘጠነኛ ወጣ? ባለፈው አምስተኛ አልነበረም ወይ?» ብሎ የተቆጣኝ ወላጅ ብዙ ነው፤ «አሁን ምን ማንበብ ይችላል?» ብሎ የጠየቀኝ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። በግል ትምህርት ቤትም የሚያስተምሩ ወዳጆቼ ሌላ ነገር ይነግሩኛል። በዚያ የሚጠየቀው «እንግሊዝኛ ይናገራል ወይ?» የሚለው ነው። ልጁ በአፍ መፍቻው በአማርኛ የተጻፈች አጭር ተረት አንብቦ ምን እንዳለች መናገር አለመቻሉ የሚያስጨንቀው ጥቂት ነው። ነገር ግን በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብን ያልለመደ ልጅ በማያውቀው ቋንቋ ሁለት ሸክም በአንድ ጊዜ መሸከሙ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት «በእኛ ጊዜ» የሚለው ነገር ነው። ከ2005 ዓ.ም. በኋላ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት በአዲስ መልክ ሲዘጋጁ፣ ገበታውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ከማስቆጠር ይልቅ ጥቂት ጥቂት ፊደላትን ከቃልና ከአጭር ምንባብ ጋር እያያዙ ማስተማር ተጀመረ። ይህን ያየ አባት «ኅዳር ገብቶ ልጄ እስካሁን ፊደል አልጨረሰም፤ እኛ በሁለት ወር ነበር የምንጨርሰው» ብሎ ይመጣል። መምህሩም ሊያስረዳው ሲገባ «መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው» ብሎ ያሰናብተዋል። አባትየው ተቀይሞ ቤቱ ይገባና ማታ ማታ ገበታውን በዜማ ያስጠናል፤ ልጁም ቀን በአንድ መንገድ፣ ማታ በሌላ መንገድ ሲጎተት ግራ ይገባዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ሁለቱም ግማሽ እውነት ነበራቸው። ገበታው የፊደልን ዝምድና ያሳያል፤ «በ፣ ቡ፣ ቢ» የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ያወቀ ልጅ አዲሱን ቤት ለመማር ይቀለዋል። ነገር ግን «ቤ»ን በገበታው ላይ ጠርቷት «ቤት» በሚለው ቃል ውስጥ ሲያገኛት የሚያልፋት ልጅ ገና አንባቢ አልሆነም። አንድ ሩብ ሰዓት ተቀምጠው ቢነጋገሩ ኖሮ መምህሩ ቃሉን፣ አባት ገበታውን ይዘው ይረዳዱ ነበር። ሁለቱም ያወጡት ጉልበት ግን እርስ በርሱ ሲጓተት ቀረ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ጨዋነት የሚመስለው ዝምታ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ለሌላ ጉዳይ መልካም ምክር ሊሆን ይችላል። ስለ ልጅ ንባብ የሆነ እንደ ሆነ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ የሚነቅዘውም በልጁ ላይ ነው። በተለይ ያልተማሩ ወላጆች «እኔ ምን አውቄ ከመምህር ጋር እከራከራለሁ?» ብለው ከበሩ ይመለሳሉ። ለስብሰባ ሲጠሩም ስለ አጥር፣ ስለ መዋጮና ስለ ደንብ ልብስ ሰምተው፣ እጃቸውን አውጥተው አጽድቀው ይሄዳሉ። ያልተማረ ወላጅ ስለ ንባብ የሚጠይቀው የለውም የሚባለው ነገር ሐሰት መሆኑን ግን እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እንዴት እንዳወቅሁት ልንገራችሁ።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ፊደል አልቆጠረም። በ1960 ዓ.ም. ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ወላጆች በመንፈቁ ሲጠሩ አባቴም መጣ። መምህራችን የማንበቢያ መጽሐፋችንን በእጁ ሰጥተው፣ «የፈቀዱትን ገጽ ይግለጡና በጣትዎ ያመልክቱ፤ ልጅዎ ከዚያ ይጀምራል» አሉት። አባቴ መጽሐፉን ገልብጦ ነበር የያዘው። መምህራችን ሳይስቁ፣ ቀስ ብለው አቀኑለት። እርሱም ወፍራም ጣቱን ከአንዱ ገጽ መካከል አኖረ። እኔ ያንን ገጽ አላጠናሁትም ነበርና ከሦስተኛው ቃል ላይ ስደርስ ቆምሁ። መምህራችንም «ያለነው እዚህ ላይ ነው» አሉት። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

አባቴ ወደ ቤት ስንመለስ አልተቆጣኝም። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ በተዋስሁት መጽሐፍ ላይ ጣቱን እያኖረ «እስቲ ከዚህ» ይለኝ ነበር። ፊደሉን አያውቀውም፤ ስቆም ግን መቆሜን ያውቃል፣ ስንተባተብም ይሰማል። አንብቤ ስጨርስ ደግሞ «ምን አለ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ መልሴ ካላጠገበው «እንግዲያው መልሰህ በለው» ይለኛል። በኋላ መምህር ሆኜ ስለ ንባብ ምርመራ ስማር፣ ልጁ ያላጠናውን ምንባብ እንዲያነብ፣ ፍጥነቱና መሰናክሉ እንዲታይ፣ ከዚያም ስለ ትርጉሙ እንዲጠየቅ ተነገረኝ። አባቴ ይህን ሁሉ ከእሳት ዳር ያደርገው ነበር። እርሱን ፈታኝ ያደረገው ዕውቀቱ አልነበረም፤ መምህሩ መጽሐፉን በእጁ ሰጥተው እውነቱን በፊቱ ስለ ተናገሩለት ነው።

እዚህ ላይ ሥራ ላይ ያሉ መምህራን የሚያነሡትን ሁለት መከራከሪያ ሳልመልስ ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ።

አንደኛው፣ «60 ልጅ ይዤ የማንን የማንን እሰማለሁ?» የሚለው ነው። እኔም ስለው የኖርሁት ነገር ስለ ሆነ አልንቀውም። ነገር ግን እናስላው። ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ብንሰጥ ለ60 ልጆች 120 ደቂቃ ያስፈልጋል። በአንድ ሳምንት እንፈጽመው ብንል በቀን 24 ደቂቃ ይወስዳል፤ ይህ ከባድ ነው። በወር አንድ ጊዜ ይሁን ብንል ግን፣ በወሩ 20 የትምህርት ቀን ቢኖር፣ በቀን ሦስት ልጅ መስማት፣ ማለትም ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው። ስድስት ደቂቃ ስም በመጥራት ብቻ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ የጠነከረ ነው፤ «እውነቱን ብጽፍ ልጁ ማታ ይመታል» የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው፤ ከርኅራኄ የተነሣ «ይበርታ» ብሎ የሚጽፍ መምህር እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ዱላን የሚጠራው እውነቱ ሳይሆን የአጻጻፉ ነገር ነው። «ሰነፍ ነው፤ አያነብም» ብሎ የጻፈ መምህር ለወላጁ ቁጣ እንጂ ሥራ አልሰጠውም። ወላጅ የሚሠራውን ካላወቀ የሚያውቀውን ይሠራል፤ እርሱም መምታት ነው። እንግዲያስ ጽሑፉ የሚሠራውን የሚያመለክት ይሁን። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ቢባል፤

«ፊደሉን በተራ አሳምራ ትቆጥራለች። ለብቻቸው ሲመጡባት ግን ‹ቂ›ንና ‹ቄ›ን፣ ‹ሊ›ንና ‹ሌ›ን ታምታታለች። ማታ አምስት ደቂቃ ያህል ከመጽሐፏ ላይ በጣትዎ እያመለከቱ ያስነብቧት። ስትቆም አይንገሯት፤ ለይታ እንድታይ ጊዜ ይስጧት። ስትጨርስም ምን እንዳነበበች ይጠይቋት።»

እናት ወይም አባት ደግሞ ከሳምንት በኋላ፣ «‹ቄ›ን አወቀቻት፤ ‹ቂ› ገና ታስቸግራታለች። ታሪኩን ስጠይቃት የመጀመሪያውን እንጂ የመጨረሻውን አልነገረችኝም» ብሎ ቢመልስ፣ መምህሩ በስድሳ ልጆች መካከል ሊያየው ያልቻለውን ነገር ከቤት አገኘ ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ከፊተኛው ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ በርዝመቱ አይደለም። ሁለተኛው ልጅቷን ተቀምጦ ሳይሰሙ ከቶ ሊጻፍ የማይችል ነው፤ «ጎበዝ ነው፤ ይበርታ» የሚለውን ግን ልጁን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ሊጽፈው ይችላል። ስለ ልጅ የሚጻፍን ማንኛውንም ጽሑፍ በዚህ ሚዛን ብትመዝኑት አትሳሳቱም። ልጁን ሳያዩ ሊጻፍ የሚችል ከሆነ፣ ምስጋናም ቢሆን ነቀፋ፣ ለልጁ አይጠቅመውም።

በሰኔ የሚደረገውም የወላጆች በዓል በዚህ ሚዛን ቢመዘን የሚቀለው ይመስለኛል። ልጆቹ በቃላቸው ያጠኑትን ግጥም ይላሉ፤ ወላጅ ያጨበጭባል፤ ሽልማት ይሰጣል። ደስታውን አልቃወምም። ነገር ግን ዓመቱ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ጭብጨባ ለማያነበው ልጅ ምን ይረባዋል? ይልቁንስ በጥቅምት፣ ነገሩ ገና ሊቃና በሚችልበት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ወላጅ ተጠርቶ መጽሐፉን በእጁ ይዞ የፈቀደውን ገጽ ቢገልጥ እጅግ የተሻለ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ ወጣት አንባቢዎቼ። ትምህርት ቤቱን ማዘዝ አትችሉም፤ የክፍሉንም ብዛት መቀነስ አትችሉም። ደብተሩ ግን በእጃችሁ ይደርሳል። ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ «ፈርሙልኝ» ብለው ሲያመጡት፣ ከመፈረማችሁ በፊት መጽሐፉን አምጡ በሏቸው። በክፍል ያላጠኑትን ገጽ ግለጡ፤ ጣታችሁን አኑሩ፤ አትቸኩሉ፤ አትሳቁባቸው። የቆሙበትን ቃል ልብ አድርጉና በወላጅ አስተያየት መስመር ላይ ያንኑ ጻፉት። «እናመሰግናለን» ከሚለው በላይ መምህሩን የሚጠቅመው እርሱ ነው፤ ምናልባት እንደ እኔ አይቶ ዝም ያለውን መምህር ያነቃው ይሆናል። እናታችሁ ማንበብ የማትችል እንደ ሆነች ደግሞ፣ ካርዱን ስታነቡላት የተጻፈውን ብቻ አንብባችሁላት አትሂዱ። ልጁን ከአጠገቧ አስቀምጡት፤ መጽሐፉን በእጇ ስጧት፤ ገጹን እርሷ ትግለጥ።

ፊርማ ማለት «አይቻለሁ፤ ሰምቻለሁ» ማለት ነው። ያላየነውንና ያልሰማነውን አንፈርም።